በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካውን «በዓይን ይታወቃል» ለሚሉ

አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል በገዛ ግቢዬ ፈታትቼ በአዲስ መልክ ስገጣጥም ያስመረረኝ የብረቱ ዝገት ሳይሆን የባለሙያው ግዴለሽነት ነው። ሲሊንደሩ በአዲሱ ፒስተን ልክ እንዲሰፋ ሁለቱንም ለቶርኖ ቤት ሰጥቼ አጥብቄ ባሳስብም፣ ሠራተኛው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካውን ክፍተት «በዓይን ይታወቃል» ብሎ ስላሰፋው ፒስተኑ ውስጡ ይንቀጫቀጫል።

የካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ዋና ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) እዚህ ሲገጠም ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፣ ካንዴላውም (ብልጭታ ሰጪው) ተፈትቶ ሲታይ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሮ ይገኛል። መፍትሔው ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር መግጠም ሆኖ ሳለ፣ የመለዋወጫ ሻጩ የተቀረጸበትን ቁጥር እንኳ ሳያነብ «ይሄ ይሄዳል ጋሼ» ይላል፤ መካኒኩ በበኩሉ አሮጌውን በሽቦ እየጎረጎረ ጭራሽ ያሰፋዋል፣ ይህንንም ማጽዳት ነው ብሎ ያስከፍላል!

ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) የቀባው ሰው ዝገቱን ሳይፍቅ ስቱኮ ለጥፎበት ኖሮ ቀለሙ ከወዲሁ ተነፋፍቷል። ቅሬታዬን ሳቀርብለት ግን አንድም ሳያፍር፣ ለዚህ አሮጌ ሞተር ይህ ምን አነሰው ሲል መለሰልኝ።