ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው

ክረምቱ ወጥቶ አደዩ ሲፈነዳ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቼ በሳይክል ባሕር ዳር ልግባ የሚል ሰው አይጠፋም። ይግባ። የሚያናድደው ሳይክሉም ሰውየውም አይደሉም፤ መንገድ ዳር የሚጠብቀው መልስ ነው። ዓባይ ድልድይ የደረሰ ብስክሌተኛ፣ ላቡ ፊቱ ላይ ጨው ሠርቶ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ያገኝና «አባባ፣ ደጀን ሩቅ ነው?» ይላል። ሽማግሌው ቀና ብለው ያዩታል። ጉልበቱን ያያሉ፣ ኮተቱን ያያሉ፣ ያዝኑለታል። ከዚያ በሙሉ ልብ፣ «ኧረ እዚህችው ናት ልጄ! ይቺን ኩርባ እለፋት እንጂ ከዚህ በኋላ ሜዳ ነው» ይሉታል።

ይቺ ኩርባ 20 ኪሎ ሜትር ትረዝማለች። ድልድዩ ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጀን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። 20 ኪሎ ዕቃ ጭኖ በሰዓት 5 እና 6 ኪሎ ሜትር ለሚገፋ ሰው ይህ ሳያርፍ ከሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እስከ አራት ሰዓት ነው። ያርፋል ደግሞ።

ሽማግሌው ዋሹ ማለት አይቻልም። እኛ ዘንድ ርቀት የሚነገረው እንደ «እግዜር ያጥናህ» ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ሐዘኑ ስንት ወር ይቆያል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ትክክለኛውን ቁጥር የሚነግረው አያገኝም። ሌላው ደግሞ ከልቡ አያውቀውም። በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው ዳገቱን አያውቅም፤ ዳገቱን የሚያውቀው ሞተሩ ነው። እረኛው በአቋራጭ ሽቅብ ስለሚቆርጥ የእሱ ደጀንና የአስፋልቱ ደጀን ለየቅል ናቸው። ሕፃን ከሆነማ «ቅርብ ነው?» ሲሉት «አዎ»፣ «ሩቅ ነው?» ሲሉትም «አዎ»።

ስለዚህ ርቀት አይጠየቅም። የሚጠየቀው «ከዚህ እስከዚያ ስንት ወንዝ አለ?» ነው። በወንዝ ማንም አያጽናናም። የትኛው ክረምት እንደሚሞላ፣ የማንን በሬ እንደወሰደ ጭምር በስም እየጠራ ይቆጥርልሃል። አንድ ወንዝ ማለት አንድ ቁልቁለትና አንድ ዳገት ነው፤ አራት ወንዝ ካሉህ አራት ጊዜ ወርደህ አራት ጊዜ ትወጣለህ። ምሳህንና ውኃህን በዚያ አስላ። ቆላው ውስጥ ለዳገቱ ብቻ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ይዞ የገባ ሰው ግማሹ ላይ የጭነት መኪና ሲለምን ይገኛል።

ይህ ነገር የገጠር ብቻ ቢሆን ዝም ይባል ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ «መጣሁ፣ ደርሻለሁ» የሚልህ ሰው ገና ሁለተኛውን ካልሲ እየፈለገ ነው። ጋራዡ «አንድ ብሎን ብቻ ናት» ይላል። ቢሮው «ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ይላል። «ፊርማ ብቻ»ና «ይቺን ኩርባ ብቻ» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቋንቋችን ግን ተንኮሉን ቀድሞ ነቅቶበታል፤ የተከዳ ሰው «ሜዳ ላይ ጣለኝ» ይላል እንጂ «ዳገት ላይ ጣለኝ» ሲል አይሰማም።

ዳገቱን የሚያቀለው ማጽናኛ ሳይሆን ጥርስ ነው፤ የሳይክሉ ጥርስ። ከፊት 22 ወይም 24፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውን ሙሉ ዙር እንኳ አያስኬደውም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። «ፈጣን ነች» ተብሎ የተሸጠ የውድድር ሳይክል ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ይዞ ዕቃ ሲጫንበት ባለቤቱ ወርዶ ይገፋታል። ሻጩ ይህን አይነግርም። ሻጩ «ምንም አትልም» ነው የሚለው፤ እሷማ ምንም አትልም፣ የሚናገረው ጉልበት ነው።

ሳይክል እኛ አገር የልጅ ዕቃ ነው፤ አዋቂ ከያዘው ደግሞ «መኪና አልሆነልህም?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክን በተቀላቀለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር የሄዱት ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሆቴሉ ዘበኛ ሳይክል ሲያይ «እዚያ ከጄኔሬተሩ ኋላ አስደግፋት» ይላል። ክፍል ሳይከፈል በፊት «ሳይክሏ ከእኔ ጋር ታድራለች» ማለት ይገባል፤ ከተከፈለ በኋላ ክርክር ነው። ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሻላል፤ 35 ኪሎ ነገር በደረጃ ማውጣት ሌላ ዓባይ ነው።

ከተረቶቻችን ሁሉ አንዱን ምረጥ ቢባል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የሚያህል የለም። ይህን ያለ ሰው የሳይክል ፖርቶመጋላ ያየ መሆን አለበት። ዕቃ የሚሸከመው ያ ብረት የሚታሰረው ባለ 5 ሚሊ ብሎኖች ነው፤ ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጡ ውለው ማታ ላይ አንዷ የለችም። አንዷ ስትወድቅ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሌላዋ ትቆረጣለች፣ ቀሪው ብረት ጎማው ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት እያንዳንዷን ብሎን በቁልፍ መንካት፣ ጥርሷ ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ ማድረግ፣ አራት መለዋወጫ በኪስ መያዝ። ዕቃ በላስቲክ ገመድ አይታሰርም፤ ገመዱ ሲላላ መንጠቆው ቀጥ ብሎ ሰንሰለቱ ጋ ይሄዳል። ዘለበት ያለው ቺንጊያ ይሻላል፤ የተረፈው ጫፍ ግን ተጠቅልሎ ይወተፍ። ከባድ ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። የኋላ ጎማ ሽቦ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በማርሹ በኩል ያለው ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ይበልጥ ስለተወጠሩ ነው። እሱን ለመቀየር ደግሞ ማርሹን መፍቻ ቁልፍ ያስፈልጋል፣ መፍቻው ደግሞ ሁልጊዜ ቤት ነው የሚረሳው። ባለ 36 ሽቦ ቸርኬ መርጦ አራት ሽቦ ቴላዮው ላይ በፕላስተር ለጥፎ የሄደ ሰው ታጥቆ ነው የሮጠ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚሉ አሉ። እንቁላሉ ድንኳን አልጫነም።

ወደ ዓባይ እንመለስ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት እንደ ወንዙ እያሳሳቀ ይወስዳል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ምንጣፍ ተጨማዷል፤ ስንጥቁ አንዳንዴ የሳይክል ጎማን ይውጣል። ፍሬን አንዴ ይዞ እስከ ታች መውረድ የጀማሪ ሥራ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፣ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ካላማዳሪው በድንገት ይፈነዳል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ደረትን ለነፋስ መስጠት፣ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ በየ4 እና 5 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማብረድ። የፍሬኑ ሸራ ከመነሳቱ በፊት አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ መንገድ ላይ «ይሄ ይሆንልሃል» ተብሎ የሚሰጠው የሌላ ሳይክል ነው።

እዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ የቆየ ቂም አለ። የጭነት መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ይወርድና ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጎዘጉዛል። ባለ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት የለውም፣ ይደርድር። ጎማውም ሥር ታኮ ያስገባል። ከዚያ መኪናው ይሠራና ይሄዳል። ድንጋዩስ? ድንጋዩ እዚያው ይኖራል። ለከሰል ቦታ ያለው፣ ለበግ ቦታ ያለው፣ ለሦስት ጄሪካን ቦታ ያለው መኪና፣ አምስት ድንጋይ ከአስፋልት ላይ ለመግፋት ሁለት ደቂቃ አጥቶ ይሄዳል። ኩርባውን ዞሮ በ50 የሚመጣ ብስክሌተኛ ያገኘዋል፤ ማታ ከሆነ ደግሞ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ያገኘዋል። ስንፍና ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። ለራስ ጥንቃቄ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ፣ ለሌላው ሲሆን እግርን ማንሳት የከበደው ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ ጽሑፍ ላይ አይጻፍም እንጂ። እስከዚያው መፍትሔው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መንገድ ላይ አለመገኘት ነው፤ እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ምሽቱ አይለምንም፣ በግማሽ ሰዓት ይጨልማል።

ድንጋይ ከተነሳ ልጆቹም አሉ። ሄልሜትና መነጽር ያደረገ ሁሉ ፈረንጅ ነው፣ የጎጃም ተወላጅም ቢሆን። ቀድሞ ሰላም ማለት ነው ዘዴው፤ እስከ ጎሃ ጽዮን «አካም ጅርቱ»፣ ከድልድዩ ማዶ «እንደምን ዋላችሁ»። ሰላምታ የመለሰ እጅ ድንጋይ ለመወርወር ይከብደዋል።

ጎሚስታው ከሁሉም ቅን ሰው ነው፤ አደጋውም ቅንነቱ ነው። የሲኖትራክ ጎማ በሚነፋበት አየር የሳይክል ጎማ «ቶሎ ላድርግልህ» ይላል፤ ቶሎም ይፈነዳል። «በትንሽ በትንሹ» ብሎ አጠገቡ ቆሞ በጣት እየተጫኑ ማየት ያሻል። ቀጭኗ ቫልቮላ ደግሞ ከእሱ ቱቦ ጋር አትገጥምም፤ ጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ መግጠሚያ አለች፣ ሁለት መያዝ ነው፣ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም። ራስ መለጠፍ ይሻላል። የግራር እሾህና ኩርንችት አንድ ሆነው ነው የሚመጡት፤ ካላማዳሪው ከመለጠፉ በፊት የጎማው ውስጥ በጨርቅ ይዳሰስ፣ በጣት ከሆነ እሾሁ መጀመሪያ የሚያገኘው ጣትን ነው። የተበሳው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባ፣ ከዚያ እስኪደርቅና ማብረቅረቁን እስኪተው አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥቡን ይለጥፈዋል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ይወርዳል፣ ከዚያ ጎማውን ይረግማል።

ስንቅ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውኃና ጨው ብቻ ይፈልጋል፤ በማሸጊያ ከሚመጣው የሯጭ ምግብ አይተናነስም። ሆድ ከተበላሸ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ማንኪያው ልክ ልኩን የተሞላ።

አንድ ጥያቄ ግን አለች ማጽናኛ የማይገባት፤ «መንገዱ ሰላም ነው?» የምትለዋ። እሷንም «ምንም የለም፣ ሂድ» ብሎ የሚመልስ አለ፤ ደግ ነው፣ ደግነቱ ግን እዚህ ላይ ይቅርበት። ይህ የሚጠየቀው በዚያው ዕለት ጠዋት በዚያው መንገድ ከመጡ ሾፌሮች ነው፣ ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ከሦስት። መልሳቸው ካልገጠመ ሳይክሉ ክፍል ውስጥ ይደር።

ስለ ሜዳው ነበር የተጀመረው።

ደጀን ወጥቶ ሻይ ያዘዘ ብስክሌተኛ ልማድ አይለቀውምና አስተናጋጇን «ማርቆስ ሩቅ ነው እንዴ?» ይላል። ልጅቷ ሳይክሉንም እሱንም ታያለች። «ውይ! ወደ ሰባ ኪሎ ሜትር እኮ ነው። በዚህማ ዛሬ አትገባም» ትለዋለች። ኪሎ ሜትሩን አልሳተችም፤ አለመግባቱንም። ሰውየው ግን ፊቱ ይለወጣል። ምን ታሟርትብኛለች! ሻዩን ሳይጨርስ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣና ከከተማው ጫፍ አንድ ባለ ጋሪ ያስቆማል። ባለ ጋሪው ከላይ እስከ ታች ያየዋል። ጉልበቱን ያያል፣ ኮተቱን ያያል።

«ኧረ እዚህችው ናት!»

ብስክሌተኛው አመስግኖት፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።