ዋርክራፍት 3፦ «ነል» ማድረግ ሜሞሪ አያስለቅቅም

ወንድሜ፣ ለዋርክራፍት 3 ጌም የራሳቸውን ማፕ (የጨዋታ ሜዳ) መሥራት ለሚጀምሩ የሰጠኸው ምክር አብዛኛው ጥሩ ነው። አንዱን ግን ማረም አለብኝ። «ፖይንቱን ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ቫሪያብሉን ነል አድርጉት፣ ሜሞሪው ይለቀቃል» ብለሃል። ፖይንት ማለት ማፑ ላይ ያለ አንድ ቦታ ነው፣ ቫሪያብል እሱን የምንይዝበት ስም፣ ነል ማድረግ ደግሞ ቫሪያብሉን ባዶ ማድረግ። ሜሞሪው ግን በዚህ አይለቀቅም። ብዙ ሰው ግን እንደዚያ ያምናል። ስንት የተለፋበት ማፕ ጨዋታው ሲረዝም መንቀራፈፍ የሚጀምረው በዚህ ነው።

ቫሪያብሉን አድራሻ እንደተጻፈበት ወረቀት፣ ፖይንቱን ደግሞ እንደ ቤቱ አስበው። ወረቀቱን ብትቀደው ቤቱ አይፈርስም። እንዲያውም ይብሳል፤ አድራሻው ከጠፋ ቤቱን ፈልገህ ማፍረስ አትችልም።

በየ0.03 ሰከንዱ የሚሠራ ትሪገር (ጨዋታው ውስጥ በራሱ የሚነሳ የትእዛዝ ስብስብ) አለህ እንበል። የአንድ ዩኒት (እንደ ወታደር ያለ የጨዋታው ገጸ ባሕርይ) ቦታ አንዴ ብቻ ቢጠይቅ እንኳ በ1 ሰዓት 120,000 ፖይንት ይፈጥራል። ሁሉም እዚያው ተከማችቶ ይቀራል።

መፍትሄው ማፕ መሥሪያው ኤዲተር ውስጥ በእጅ የሚጻፍ የአንድ መስመር ኮድ (ከስተም ስክሪፕት) ነው፦ «ኮል ሪሙቭሎኬሽን»፣ ቅንፉ ውስጥ የቫሪያብሉ ስም። ከስሙ ፊት «ዩዲጂ» እና የታች ሰረዝ መግባቱን እንዳትረሳ። ትልቅና ትንሽ ፊደል ከተምታታም ኤዲተሩ አይቀበልህም። ለዩኒት ግሩፕ «ዲስትሮይግሩፕ» ነው።

ነል ምንም አይሠራም እያልኩ አይደለም። በጃስ (የጨዋታው የስክሪፕት ቋንቋ) ሎካል ቫሪያብል፣ ማለትም አንድ ፈንክሽን ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ቫሪያብል፣ ስትጠቀም ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የጠፋው ነገር መለያ ቁጥር እንደተያዘ ይቀራል። ግን መጀመሪያ ማጥፋት ነው፣ ነል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው የምታጠፋው ነገር እጅህ ላይ የለም።

እባክህ ምክሩን አስተካክለው፤ ጀማሪዎች እሱን ይዘው ነው የሚሠሩት።