በእግራችን የተሠራው ካርታ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ፎርስኩዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የከተማ መመሪያ መተግበሪያውን ዘጋ። ስሙን የሚያስታውሱት የአዲስ አበባ ወጣቶች ብዙ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም የገቡበትን ካፌ ስም በስልክ ላይ እየመረጡ "እዚህ ነኝ" ማለትን በስፋት ካስለመዱት ቀዳሚው እሱ ነው። ከመዘጋቱ አንድ ወር ገደማ በፊት ኩባንያው ከ100 ሚሊዮን በላይ ቦታዎችን ስምና መገኛ የያዘ መዝገብ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀ። መተግበሪያው ተዘጋ፣ መዝገቡ ቀረ። መዝገቡ እንዲህ እንዲዳብር ካደረጉት መካከል ለዓመታት ነጥብ ለመሰብሰብ ካፌ ለካፌ ሲዞሩ የነበሩት ተጫዋቾች ይገኙበታል።

ከተማን ወደ ጨዋታ ሜዳ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችን እደግፋለሁ። ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቀውን መንገድ እንዲሞክር ያደርጋሉ። የምከራከረው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ተጫዋቹ እየተጫወተ ይሠራል፤ የሥራው ውጤት ደግሞ ለሚኖርበት ከተማ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ይህ ውል ከመጀመሪያው ካልተጻፈ፣ በኋላ የሚጽፈው አይገኝም።

ፎርስኩዌርን ዴኒስ ክራውሊና ናቪን ሴልቫዱራይ እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በቴክሳስ ኦስተን ከተማ ለሕዝብ አስተዋወቁት። ክራውሊ ከዚያ በፊት ዶጅቦል የሚባል በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ አገልግሎት ነበረው፤ ጉግል በ2005 ገዝቶት በ2009 ዘጋው። የአዲሱ ጨዋታ ደንብ ቀላል ነበር። በሄዱበት ሁሉ ቼክ ኢን ያደርጋሉ፣ ማለትም "እዚህ ነኝ" ብለው ይመዘግባሉ፤ ነጥብና ባጅ የሚባል የክብር ምልክት ይሰበስባሉ። ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ከማንም በላይ በብዙ ቀናት ቼክ ኢን ያደረገ ሰው የዚያ ቦታ "ከንቲባ" ይባላል። ሌላው ከበለጠው ሹመቱ ይሻራል። በ2010 የቡና ቤት ሰንሰለቱ ስታርባክስ በአሜሪካ ለየቅርንጫፉ ከንቲባዎች ከአንድ መጠጥ ዋጋ ላይ 1 ዶላር ቀነሰላቸው። ለብዙው ከንቲባ ግን ሽልማቱ ስሙ ብቻ ነበር።

ከንቲባው ታዲያ ምን እየሠራ ነበር? ቦሌ መንገድ ላይ ያለ ፎቅ አስቡ። ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ሦስተኛው የጥርስ ክሊኒክ፣ አምስተኛው የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው። ስልክ ከሳተላይት የሚያገኘው መገኛ ሜትሮችን ይስታል፣ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ይብስበታል፤ ሰውየው ቡና እየጠጣ ይሁን ጥርሱን እያስነቀለ መለየት አይችልም። ተጫዋቹ ከዝርዝሩ ውስጥ የካፌውን ስም ሲመርጥ ግን የዋይፋዩ ምልክት፣ ሰዓቱና የጂፒኤሱ ግምት ሁሉ ከትክክለኛው ስም ጋር ይያያዛሉ። ይህ በቢሊዮኖች ሲደጋገም፣ ስልኩ ወደፊት ማንም ምንም ሳይነካ የትኛው ቤት እንደገባ መገመት ይማራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ከፍ አድርጌ የማየው ይህን ነው። ማሽኑን ያስተማረው ሰው ነው፤ ለትምህርቱ የተከፈለው ደግሞ ባጅ።

ትምህርቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2016 ታየ። ቺፖትሌ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት ሰንሰለት በምግብ መበከል ምክንያት ደንበኞቹ ሸሽተውት ነበር። ፎርስኩዌር የሰዎችን እግር ተከትሎ የነባር ቅርንጫፎቹ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሽያጭ 30 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ አስቀድሞ ተናገረ። ድርጅቱ ሒሳቡን ይፋ ሲያደርግ ቅናሹ 29.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ፎርስኩዌር በዚያን ጊዜ ከጨዋታው ይበልጥ የመገኛ ዳታ ነጋዴ ሆኗል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማን ካርታው ላይ እንደሚገባና ማን እንደሚቀር ነው። ኒያንቲክ የተባለ የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንግረስ የሚባል ጨዋታ አወጣ፤ ተጫዋቾች በየአካባቢያቸው ያሉ ሐውልቶችን፣ የግድግዳ ሥዕሎችንና ቤተ ክርስቲያኖችን ይጠቁሙ ነበር። በ2016 የኩባንያው ሌላ ጨዋታ ፖኪሞን ጎ ሲወጣ ያንኑ የቦታዎች ስብስብ ተጠቀመ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም ሲቆጥር፣ ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች በአማካይ 55 የጨዋታ ጣቢያ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው ደግሞ 19 ብቻ አገኘ። ሆን ብሎ ያገለለ ሰው ነበር ለማለት አይደለም። ቀድመው የተጫወቱት የራሳቸውን ሰፈር ሞሉ፣ ሌላው ባዶ ቀረ፤ ተከታዩ ጨዋታም ባዶነቱን ወረሰ። ኒያንቲክ በ2025 ፖኪሞን ጎንና ሌሎች ጨዋታዎችን ስኮፕሊ ለተባለ የጨዋታ ኩባንያ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ የካርታ ቴክኖሎጂውን ለይቶ በአዲስ ኩባንያ አስቀረው። ተጫዋቾች ፈቅደው በስልካቸው ካሜራ የቀረጿቸው ቦታዎችም ለዚህ ቴክኖሎጂ መሠረት ሆነዋል።

ስለ ሴቶች ደህንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ገርልስ አራውንድ ሚ የሚባል መተግበሪያ የፎርስኩዌርን ቼክ ኢን ከፌስቡክ ገጾች ጋር አጣምሮ፣ በአቅራቢያ ያሉ ሴቶችን ፎቶና መገኛ በካርታ ላይ ይዘረጋ ነበር። ሴቶቹ ይህን አያውቁም። ፎርስኩዌር ነገሩ ሲጋለጥ ዳታውን ከለከለው፤ ግን እስከዚያ ድረስ በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ልጅ በየማታው የምትወርድበትን የታክሲ ፌርማታ ለማያውቁት ሰዎች የሚያሳይ ጨዋታ በየትኛውም ከተማ መፈቀድ የለበትም።

ይህ ሁሉ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር ሰው የሚፈልግ የለም ማለት ይቻላል። "ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴው በር" ይባላል። ተሳፋሪው መተግበሪያው ላይ ነጥቡን በትክክል አስቀምጦም ሹፌሩ ይደውላል፦ "ወንድሜ፣ የቱ ጋ ነህ?" መልሱ ደግሞ ሌላ የታወቀ ቦታ ነው። የከተማዋ እውነተኛ ካርታ ያለው በነዋሪዎቿ አፍ ውስጥ ነው፤ እሱም በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ከፒያሳ ዶሮ ማነቂያ እስከ ካሳንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ሰው ወደ ዳር ተበትኗል፤ ሰው መንገድ ሲጠቁምባቸው የነበሩት ሱቆችና ምግብ ቤቶችም አብረው ሄደዋል። እንዲህ ባለ ከተማ ጥሩ ጨዋታ ይዞ የሚመጣ ኩባንያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም መሥሪያ ቤት የሌለው ካርታ ይኖረዋል። መንግሥትም፣ ታክሲውም፣ አምቡላንሱም ያንን ካርታ ከእሱ ለመግዛት ይገደዳሉ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ማሳያው ስትሪትኮምፕሊት ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን መተግበሪያ ሲሆን፣ በቆሙበት አካባቢ ካርታው የጎደለውን እንደ ተልእኮ ይሰጣል። ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን? ይህ ፌርማታ መጠለያ አለው? ይህ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነው? መልሱ በቀጥታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ውስጥ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ይህ ካርታ የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። ተጫዋቹ በመለሳቸው ጥያቄዎች ብዛት ደረጃ ያገኛል፣ ዛሬ ማታ የት እራት እንደበላ ግን ለማንም አይናገርም። ጨዋታውም ደስታውም ይኖራል፤ የሚለየው ውሉ ነው።

ስለዚህ የሀገራችን የመተግበሪያ ሠሪዎች ከተማን የሚያስዞር ጨዋታ ሲያስቡ ሁለቱን ነገሮች እንዲለዩ እጠይቃለሁ። ስለ ቦታው የተሰበሰበው፣ ማለትም ስሙ፣ መግቢያው፣ ፎቁ፣ መንገዱ፣ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። ስለ ሰውየው የተሰበሰበው ደግሞ ስልኩ ውስጥ ይቅር፣ ወይም በአጭር ጊዜ ይሰረዝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ተቆጣጣሪ ያደረገው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም፣ መገኛን የሚሰበስቡ መተግበሪያዎችን ከወዲሁ ቢጠይቅ ኋላ ከመክሰስ ይሻላል።

ነጥቡ የሚታደልበትንም ቦታ ሠሪው ይወስን። ቦሌና ሳርቤት ያለ ምንም ማበረታቻ ይሞላሉ። ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ላይ አንድ ተጫዋች የብሎክ ቁጥሮችን፣ አምቡላንስ የሚገባበትን በርና ታክሲ የሚቆምበትን ቦታ ቢመዘግብ ግን እጥፍ ነጥብ ያግኝ።