አንደኛ ሚዜ በሙከራ ጊዜ

ሥራ ፈትቼ በኖርኩባቸው ስምንት ወራት አንድም ጓደኛዬ አላገባም። ሁሉም ሥራ እስክይዝ የጠበቁኝ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ የቤተሰባችን የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ነበርኩ። ለቅሶ ሲኖር «እሱ ይሂድ፣ ምን ሥራ አለው?» ይባላል። በርበሬ ወፍጮ ቤት ሲሄድ የምሸከመው እኔ። ከእድር ድንኳንና ወንበር ቆጥሬ የምረከበው እኔ። ሥራ ሳገኝ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። በአምስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ ትወስደኛለህ አይደል?» ሥራ ማግኘቴን ሁሉም ሰምቷል። ሥራ መግባቴን የሰማ ግን የለም።

መሥሪያ ቤቱ የግል ነው። መግቢያው 2፡30። መውጫው ውሉ ላይ 11፡30 ይላል፤ ውሉን ግን ከእኔ በቀር ያነበበው ያለ አይመስልም። አንድ ቀን 12 ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ሳነሳ «ምነው፣ አሞሃል?» አሉኝ።

ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አስር ሳምንት መሆኑ ነው። በዚህ መሃል «ለሥራው አይሆንም» ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ትሸኛለህ። ስለዚህ በሙከራ ላይ ያለ ሰው አይታመምም። ቢያስነጥሰው እንኳ ሽንት ቤት ገብቶ ነው።

በሃያ አንደኛው ቀኔ ጓደኛዬ ደወለ። በጥር የሰርግ አዳራሽ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ አንድ ሰው ሰርዞ ሐዋሳ ላይ አንድ እሁድ ተገኝቶለታል። ያውም በሚቀጥለው ሳምንት። «አንደኛ ሚዜዬ ነህ፣ መቼም አልረሳኸውም» አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በድራፍት ላይ የገባሁት ቃል ነው። ሌላው ጉዳይ ሲቆይ በይርጋ ይዘጋል። የድራፍት ቃል ይርጋ አያግደውም።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዓርብ መውጣት አለብኝ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን፣ እሱም አለ። ሰኞ ደግሞ መልስ ነው።

አዋጁን አገላበጥኩ። የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ግን መጀመሪያ ዓመት አገልግል ይላል። ሠራተኛው ራሱ ሲያገባ ከደመወዝ ጋር 3 ቀን። የትዳር ጓደኛው ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋም የጋብቻም ዘመዱ ሲሞት 3 ቀን። ሚዜ የሚል ቃል የለም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሚዜ ሆነው አያውቁም ማለት ነው። ወይም ሆነው ሰኞ ሥራ ገብተዋል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሰው ያለ ክፍያ እስከ 5 ቀን እንደሚፈቀድ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጓደኛዬን በሰርጉ ዕለት ብቀርበት ሁኔታው በእርግጥም አሳሳቢ ይሆናል።

ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ አማከርኩት። ምስሩን በእንጀራ እየጠቀለለ «ሰው ግደል» አለኝ።

«ማንን?»

«አያት የለህም?»

«ሁለቱም አርፈዋል።»

«ታዲያ ምን ትፈራለህ? ውሸት እኮ አይደለም። ቀኑን ብቻ ነው ያዛወርከው።»

ልክ መሰለኝ። አያቴን ጥር ላይ እንደገና ልቀብራት ተነሳሁ። ያስቆሙኝ ከኋላችን ምሳቸውን የሚበሉት የሂሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ለቅሶው የት ነው ልትል ነው?»

«ክፍለ ሀገር።»

«እናትህስ የት ነው ያለችው?»

«ሽሮ ሜዳ።»

«እንግዲያው ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን።»

ከዓመታት በፊት እዚሁ ቤት አንድ ልጅ አክስቱን ገደለ፤ እንዲህ ብለው ጀመሩ። መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ። መዋጮ ተሰበሰበ። ከሥራ መልስ በሰርቪስ ተጭነው ሄዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ፊታቸውን አጥቁረው ግቢው ሲደርሱ ድንኳን የሚባል የለም። በሩን የከፈቱላቸው ሟቿ ናቸው። «ግቡ፣ ግቡ፣ ምነው በደህና ነው?» ይላሉ። ይህን ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲያዩት ግን ልጁ የሞተ መሰላቸውና ጮኹ። ጎረቤት በጩኸቱ ወጣ። በአስር ደቂቃ ውስጥ እውነተኛ ለቅሶ ሆነ።

(ይህንኑ ታሪክ በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዘመዴም ነገረኝ። እነሱ ዘንድ ሟቿ የሚስቱ እናት ናቸው።)

እውነቱን ለመናገር ወሰንኩ። ሌላ መንገድ ስለጠፋ ነው እንጂ ጨዋነት ይዞኝ አይደለም። ማመልከቻዬን «በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ጀመርኩ። ርዕሱ «ፈቃድ ስለመጠየቅ» ነው፤ ሌላ ምንም ለመግለጽ አልሞከረም።

አለቃችን ወረቀቱን አላነበቡትም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ስንተኛ ቀንህ ነው?»

«ሃያ ሦስተኛ።»

«ከእሁድ ጋር?»

«የሥራ ቀን ብቻ።»

«ሚዜ ነኝ ነው የምትለው? ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

ዝም አሉ። ሁለተኛ ብል ኖሮ ጉዳዩ እዚያው አልቆ ነበር። ሦስተኛ ሚዜማ ከመንገድም ሰው ይገኛል። አንደኛ ሚዜ ግን ለእሳቸውም ከበዳቸው። የራሳቸው ሰርግ ትዝ ያላቸው መሰለኝ።

«ዓርብና ቅዳሜን ያለ ክፍያ ሂድ። መልሱ ይቅርብህ። ሰኞ 2፡30 ወንበርህ ላይ ላይህ።»

የሰርጉን አላወራም፤ ሰርግ ነው። የሙሽሪት ቤት በር ላይ ስንጋፋና ስንጮህ ድምፄ እዚያው ሐዋሳ ቀረ። ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ሰው መኪና ተለጥፌ መጣሁ። ሞጆ ስንደርስ ነጋ። ቤት ገብቶ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ አልነበረም። በጥቁር የሚዜ ሱፌ፣ ዓይኔ በርበሬ መስሎ፣ 2፡25 ወንበሬ ላይ ተገኘሁ። አለቃችን በመስታወቱ በኩል አይተውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ።

4 ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ጮኸ። የፋይናንስ ኃላፊው አማት አርፈዋል። ቀብሩ 9 ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ሳይሞላ ሰርቪሱ በር ላይ ቆሟል። እዚህ ቤት በቀን ብርሃን ቦርሳ ሲነሳ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አለቃችን በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አንተ ደግሞ ምን ትጠብቃለህ? ተነስ እንጂ። ሥራ የት ይሄዳል?»

ሰርቪሱ ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። ሐዋሳ መልሱ ደርቷል። ሁለተኛው ሚዜ በእኔ ቦታ ተቀምጦ ክትፎ ሲጎርስ ፎቶ ተልኮልኛል።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ከጎኔ ያሉ አንድ እናት ደጋግመው አዩኝ። ሱፌን አዩ፣ ዓይኔን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ምናቸው ነህ የኔ ልጅ?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

«በቃ፣ በቃ፣ አይዞህ» አሉና ንፍሮ ወደሚያድለው ልጅ ዞሩ። «ለዚህ ልጅ ጨምርለት፤ በጣም ጎድቶታል።»