የመማሪያ ሰዓትም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር

ሥራ ያጣ ሰው ወደ ትምህርት ልመለስ ሲል መጀመሪያ የሚያሳስበው ፈተናው አይደለም። የቤት ኪራዩ ነው። ልጅ ካለ ደግሞ ማን ይይዘዋል? የታክሲውስ ከየት ይመጣል? በመንግሥት ትምህርት ቤት የማታ ክፍያው ያን ያህል አያስጨንቅም። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅም እንደዚያው። የሚከብደው እየተማሩ መብላቱ ነው። ስለ ትምህርት ብዙ እናወራለን፣ ይህን ግን ሁሌም እናልፈዋለን።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ ደስ ይላል። የቀሩትስ? ጥቂቱ ሬሜዲያል (ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት) ገባ፣ ጥቂቱ ሙያ ተመዘገበ። ሌላው ቀን ሥራ፣ ካፌ፣ ፋብሪካ፣ ዐረብ አገር። እነዚህ ልጆች ዛሬ ልጆች አይደሉም። ቤት ተከራይተዋል፣ ወልደዋል፣ እናት ይረዳሉ። እንደገና ልማር ቢሉ ማን ይደግፋቸዋል?

የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ እናስታውስ። ፒቪኤች የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ኢትዮጵያም በታኅሣሥ ከአጎዋ፣ ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ታገደች። ሥራ ካጡት ውስጥ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አገራችን የሥራ አጥ አበል የላትም። ያለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ድርጅቱ ከተዘጋ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ሦስት ዓመት የሠራች ልጅ እንግዲህ የ110 ቀን ደመወዝ ይዛ ትወጣለች። አራት ወር እንኳ አይሞላም። አንድ የትምህርት ዘመን አሥር ወር ነው። በእጇ ያለውን ይዛ ክፍል ብትገባ መንፈቅ ዓመቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። ስለዚህ አትገባም። ያገኘችውን ሥራ ትይዛለች፣ ወይም ፓስፖርት ታወጣለች። ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፣ ሒሳቡን ስለምታውቅ ነው።

አሁን ወደ ሴፍቲኔት፣ ድሃ ቤተሰቦችን በክፍያ ወደሚደግፈው ፕሮግራም፣ ልምጣ። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። መሥራት የሚችሉት መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻ ያነሣሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ክፍያም ያገኛሉ። ከሚያገኙት 20 በመቶ ይቆጥባሉ። እኔ ይህን ፕሮግራም አከብረዋለሁ። ጠዋት ከተማችንን ንጹሕ አድርገው የሚያቆዩልን እነዚያ እናቶች ናቸው። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። አንዲት የ25 ዓመት ሴት፣ 10ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ መጥረጊያ ስትይዝ ይከፈላታል፣ ደብተር ስትይዝ አይከፈላትም። ሁለቱም ጊዜዋን ይወስዳሉ። ሁለተኛው ግን ከሴፍቲኔት ለዘለቄታው ሊያወጣት ይችላል።

የምጠይቀው ቀላል ነው። በሴፍቲኔት የታቀፈ ሰው በታወቀ ትምህርት ቤት ወይም ሙያ ኮሌጅ ከተመዘገበ፣ ክፍል ውስጥ ያሳለፈው ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርለት። ሁሉም ካልሆነ ግማሹ። ተመዝግበው ይጠፋሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ለአካባቢ ጽዳት ስም የሚጠራ አለቃ ካለ፣ ክፍል ውስጥም ስም የሚጠራ መምህር አለ። የቀረ አይከፈለው፣ በቃ። ደግሞ ማን ነው ልጁን ጎረቤት ጥሎ፣ ዳቦ ሳይቀምስ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ አልጀብራ የሚማረው? የምር የፈለገ ሰው ነው።

በሁለተኛው ዙር ሴፍቲኔት ወጣቶች ድርጅት ገብተው እየተከፈላቸው ሙያ የሚለማመዱበት ክፍል ተጨምሯል። ጥሩ ጅምር ነው። ያልጨረሱትን ትምህርት ለመጨረስም ይኸው በር ይከፈት።

ሴፍቲኔት ውስጥ ላልገባ፣ ለምሳሌ ከፋብሪካ ለተቀነሰ ሠራተኛ፣ ሌላ መንገድ አለ። ኮስት ሼሪንግ የምንለው የወጪ መጋራት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይበላል፣ ያድራል፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ኖን ካፌ ከሆነ፣ ማለትም ከግቢው ካፌ የማይበላ ከሆነ፣ ምግቡን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በቅርቡ ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። ይህ በወር 3,000 ብር ነው። ከሥራ ለተቀነሰች የ28 ዓመት ሴት በሙያ ኮሌጅ ሌቭል ሁለት ወይም ሦስት እስክትጨርስ ይህንኑ ያህል ብናበድራትና ሥራ ስትይዝ ብትከፍል ምን ይጎድላል? ለ19 ዓመቱ ልጅ ያመንነውን ለእሷ ለምን እንከለክላለን? እሷ እንዲያውም የሥራን ነገር አይታዋለች።

ይህ የተሞከረ ነገር ነው። አየርላንድ ውስጥ በሥራ አጥ አበል የሚኖር ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ወደ ትምህርት ሲመለስ የሚከፈለው አበል አለ። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ሦስት ወር፣ ለከፍተኛ ትምህርት ዘጠኝ ወር በድጎማ ላይ መቆየት ይጠበቅበታል። ከዚያ በሳምንት የሚያገኘው ሳይቋረጥ ይማራል። እኛ የአየርላንድ በጀት የለንም፣ አውቃለሁ። የአሠራሩ ሐሳብ ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንድ ሰው አስቀድሞ የተመደበው ክፍያ ክፍል በገባ ቀን እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የሕፃናት ማቆያ ከሌለ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። የማታ ትምህርት ከሚሰጥበት ግቢ አንዳንዱ ቀን ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም መዋዕለ ሕፃናት ነው። ማታ አንዷ ክፍል ለተማሪ እናቶች ልጆች ትከፈት። ልጆቹን የምትይዘዋንም ከሴፍቲኔት መመደብ ይቻላል።

የሚመለከታቸው ሁለት ናቸው፣ የሴፍቲኔቱን መመሪያ የሚያወጡትና የወጪ መጋራቱን የያዘው ትምህርት ሚኒስቴር። የሴፍቲኔቱ ጉዳይ የሚፈልገው የመመሪያ ማሻሻያ ነው። የማታ ትምህርት ምዝገባ ከመስከረም በፊት ይጀመራል። ማሻሻያው ከዚያ ቀድሞ ይድረስ፣ በየወረዳው ሰሌዳ ላይም ይለጠፍ።