ቤት ሸጠን የምንገዛው፣ ሲለምኑን የምንነፍገው

ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ያዋጣንበትን ቀን የአፎቻችን፣ የእድራችን፣ ሰዎች ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። የጫማ ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ በተገለበጠ አይሱዙ ውስጥ ረዳት የነበረው የ24 ዓመት ልጅ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎት ተኝቷል፤ አባቱም ስልካቸውን አውጥተው ከሩቅ አገር ክሊኒክ የተላከላቸውን ቪዲዮ አሳዩን። በቪዲዮው ሽባ ነበር የተባለ ሰው በሁለት ነርሶች ተደግፎ ይራመዳል። «ስቴም ሴል ነው፤ የተበጠሰውን ነርቭ መልሶ ያበቅላል» ተባልን። ሁላችንም «አላህ ያሽረው፣ እግዚአብሔር ይማረው» አልን እንጂ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። አባትየው የገንደ ቆሬውን ቤታቸውን ሸጡ። ልጁ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተወጋ፤ በአራተኛው ወር ሲመለስ አዲስ ሆኖ ያየነው ነገር ከወገቡ ዝቅ ብሎ የወጣውን የመኝታ ቁስል ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ዛሬ በኪራይ ቤት ይኖራል።

በዚያው ሰሞን ከዚያው አፎቻ አንዲት ወላድ ብዙ ደም ፈሷት ሆስፒታል ገባችና ደም የሚሰጥ ሰው ተፈለገ። ኮሪደሩ ላይ 11 ሰዎች ነበርን። ነርሷ ወጥታ «ማን ይሰጣል?» ስትል አንዱ የጨጓራ ሕመሙን፣ አንዱ ጾሙን፣ ሌላው የማግስቱን መንገድ ተናገረ፤ እኔ ደግሞ የሚደወልልኝ ሰው እንዳለ ሁሉ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወደ በሩ ወጣሁ። ደሙን የሰጣት ስሟን እንኳ የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ይህን የምጽፈው ተግሣጹ ከራሴ እንዲጀምር ነው።

ወገኖቼ፣ እነዚህን ሁለት ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ማንም ላላረጋገጠው መድኃኒት ካርቶን ሞላን፤ በእርግጥ ለሚያድነው ግን አንድ ክንድ አልተዘረጋም። እኛ ንፉግ ሕዝብ አይደለንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት ጠርጎ ሲሄድ ልብስና ምግብ ተሸክሞ የወጣው ይኸው የድሬ ሰው ነው። ነገር ግን ከኪሳችን ለመስጠት የማንሳሳ ሰዎች ከአካላችን ስጡ ስንባል እንሸሻለን፤ ከአካል የሚገኘውን ሕክምና ግን በገንዘብ እንፈልገዋለን። ይህ አያስኬድም፤ አያምርብንምም።

ስቴም ሴል የሚባለው፣ በአማርኛ ግንደ ህዋስ የሚሉትም አሉ፣ ራሱን እያባዛ ሌሎች ህዋሶችን የሚወልድ ህዋስ ነው። በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ያለው ደም ሠሪው ዓይነት በየሰከንዱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቀይ የደም ህዋስ ያመርታል። ይህን ህዋስ ከጤነኛ ሰው ወስዶ ለታመመ ሰው መስጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የመቅኔ ንቅለ ተከላን የጀመሩት አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። የደም ካንሰር ያለባቸው ብዙ ሰዎች በዚህ ሕክምና ድነዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ያደገ የአይጥ ህዋስን ወደ ልጅነቱ የመመለስ ብልሃት አገኙ፤ በዓመቱ በሰው ህዋስ ላይም ተሠራ፤ እርሳቸውም በ2012 ኖቤል ተሸለሙ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነጋዴዎቹም በዚህ እውነት ጥላ ሥር ቆመው ነው ያልተረጋገጠውን የሚሸጡልን።

እውነተኛ ተመራማሪ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኮቤ ውስጥ ከአንዲት ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ቆዳ ተወስዶ በያማናካ ዘዴ የተዘጋጀ የዓይን ህዋስ ለራሳቸው ለሴትዮዋ ተተከለ። ለሁለተኛው በሽተኛ በተዘጋጀው ህዋስ ላይ ግን ተመራማሪዎቹ የጂን ለውጥ አገኙና፣ ዓለም ሁሉ እያያቸው፣ ሳይተክሉ ሥራውን አቆሙ። አሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕክምና ዘገባ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከገዛ ሆዳቸው ስብ የተወሰደ «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው ብርሃናቸውን እንዳጡ ይናገራል። ለዚህ 5,000 ዶላር እያንዳንዳቸው ከፍለዋል፤ ጥናት ውስጥ የገቡ መስሏቸው የከፈሉም ነበሩባቸው። የአንደኛው ሥራ ስህተት ሲያይ ይቆማል፤ የሌላው ገንዘብ እስከመጣ ድረስ አይቆምም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ካርቶን ከማዞራችን በፊት እንጠይቅ። ይህ ሕክምና ነው ወይስ ጥናት? ጥናት ከሆነ በሽተኛው ለመወጋቱ ስለምን ይከፍላል? ሕክምና ከሆነ በዚያ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አለው? ለጉልበትም፣ ለስኳርም፣ ለኦቲዝምም፣ ለሽባነትም ያው አንድ መርፌ የሚሰጥ ከሆነስ? እነዚህን የተለያዩ በሽታዎች ሁሉ የሚያድን አንድ መድኃኒት በዓለም ላይ የለም። የተጎዳ ህብለ ሰረሰርን በስቴም ሴል መልሶ ሰውን የሚያስኬድ የተረጋገጠ ሕክምናም እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ምርምሩ ቀጥሏል፣ ተስፋም አለው፣ ነገር ግን ተስፋ ቤት አያሸጥም። ይህን ለአባትየው በዚያ ምንጣፍ ላይ መንገር የነበረብን እኛ ነበርን። ዝም ማለታችን ደግነት መስሎን ነበር፤ ደግነት አልነበረም።

ወደ መስጠቱ ልመለስ። ደም ራሱ ሕብረ ህዋስ ነው፤ መንግሥትም ደምን፣ የዓይን ብሌንንና የመሳሰለውን የሚሰበስበውን ተቋም የደምና ሕብረ ህዋስ ባንክ አገልግሎት ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። የደም ባንክ እዚሁ ድሬዳዋ አለን፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንዳቃተን ሳስበው ከማፈር በቀር መልስ የለኝም።

የዓይን ብሌን ጉዳይ ግን ሰፋ አድርጎ መነጋገር የሚገባ ነው፤ በእኛ ከተማ ኖራና ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ባትሪ የሚከፍት፣ ብረት የሚበይድ ሰው ብዙ ነውና። በዓይናችን ፊት ያለችው እንደ መስታወት የጠራች ሽፋን፣ በተለምዶ የዓይን ብሌን የምንላት፣ ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሏት፣ በጠባሳ ስትደበዝዝ ዓይኑ ከውስጥ ደህና ሆኖ ሳለ ሰውየው ይታወራል። በዓለም መጀመሪያ የተሳካው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ በ1905 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር በሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም ተሠራ፤ ተቀባዩ ሁለት ዓይኑን ኖራ ያቃጠለው የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሰጪውም ዓይኑ በብረት ስባሪ ተጎድቶ መውጣት ግድ የሆነበት የ11 ዓመት ልጅ። ሳቢያን ውስጥ አንድ ግንበኛ አውቃለሁ። ኖራ ሲያቦካ ፈንጥቆ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ውኃ ርቆት በሻሹ ጠረገው። ዛሬ ያ ዓይኑ የተቀቀለ እንቁላል ይመስላል። ፊቴን ሲያይ አንገቱን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በደህናው ዓይኑ ሊያገኘኝ ነው።

እንዲህ ያለው ቃጠሎ በኮርኒያ ጠርዝ ዙሪያ ያሉትን ስቴም ሴሎች ጭምር ስለሚያጠፋ ኮርኒያ ብቻ ቢተከልም አይጸናም። የጣሊያን ተመራማሪዎች ከደህናው ዓይን ጠርዝ እጅግ ትንሽ ቁራጭ ወስደው በቤተ ሙከራ አሳድገው በተቃጠለው ዓይን ላይ መትከልን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆዩና በ2015 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያው የስቴም ሴል መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ ይህ ቪዲዮ አይደለም፣ ተጠንቶ፣ ተቆጥሮ፣ ተመርምሮ የተፈቀደ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙዎቹ የሟች ሰው ኮርኒያ ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን ኮርኒያ የሚሰበስበው የዓይን ባንክ አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ 20 ዓመት አልፎታል። ኮርኒያ የሚወሰደው ሰው ካረፈ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ፊት አይበላሽም፤ ቀብር አይዘገይም፤ መነጽር ያደረገም፣ ያረጀም ሰው መስጠት ይችላል፤ ከአንድ ሰው ሁለት ሰዎች ያያሉ።

«ሃይማኖታችን አይፈቅድም» የምትሉ አላችሁ፤ ለመሆኑ ጠይቃችኋል? የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ተሰብስቦ ሽያጭ እስካልሆነና ሰጪው ወይም ወራሾቹ እስከፈቀዱ ድረስ ከሟች አካል ወስዶ ሕያውን ማዳን እንደሚቻል ወስኗል። ክርስቲያኑም የነፍስ አባቱን ይጠይቅ። ሳይጠይቁ በሃይማኖት ስም እምቢ ማለት ግን የራስን ፍርሃት በፈጣሪ ላይ ማላከክ ነው።

ለእኛ ለድሬዎች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። መቅኔ ሲለገስ የሰጪውና የተቀባዩ የሕብረ ህዋስ ዓይነት መመሳሰል አለበት፤ ይህም ግማሹ ከእናት ግማሹ ከአባት የሚወረስ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰል ወንድም ወይም እኅት የማግኘት ዕድል ከአራት አንድ ነው። ያ ካልተገኘ ከማያውቁት ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል፤ በዓለም የለጋሾች መዝገብ ውስጥ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ጥቂት ስለሆነ የእኛ ሰው የሚመስለውን የማግኘቱ ዕድል ከአውሮፓዊው ያነሰ ነው። በእኛ ከተማ አባቱ ሶማሌ እናቱ አማራ፣ አያቱ አደሬ ቅድመ አያቱ ኦሮሞ፣ ጉራጌና ዓረብ የተቀላቀለበት ልጅ በየሰፈሩ አለ። ይህ ኩራታችን ነው፤ ሲታመም ግን የሚመስለውን ሰው ማን ይሰጠዋል? ከእኛው ካልተገኘ ከሌላ ቦታ ማግኘቱ ይከብዳል። በ1988 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ አንድ ሕፃን ገና በተወለደች እኅቱ እትብት ደም፣ በውስጡ ባለው ደም ሠሪ ስቴም ሴል፣ ከከባድ የደም በሽታ ድኗል፤ እኛ ግን ያንኑ ደም ከእንግዴ ልጁ ጋር እንቀብረዋለን። እርግጥ እትብት ደም የሚያስቀምጥ ባንክ ገና በደጃችን አልቆመም፤ ሊቆም የሚችለው ግን ሕዝቡ ለመስጠት ዝግጁ ሲሆን ነው።

መስጠት ማለት ደግሞ ዓይን ጨፍኖ መፈረም አይደለም፤ በዚህም ልገሥጻችሁ ይገባል። ወረቀት ሲቀርብልን ሳናነብ እንፈርማለን፣ ከዚያ ቡና ላይ «ደማችንን ሸጡት» ብለን እናማለን። በ1951 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከምትባል የአምስት ልጆች እናት ሳታውቅ የተወሰደ የካንሰር ህዋስ እስከ ዛሬ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይራባል፤ ብዙ መድኃኒት ተገኝቶበታል፤ ቤተሰቧ ግን ለብዙ ዓመታት አንዳች አልተነገረውም ነበር። ያ ጥፋት ነው ዛሬ በየአገሩ የፈቃድ ወረቀትና የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲጠናከር ካደረጉት አንዱ። የእኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ አካሉን ወይም ከአካሉ ክፍል ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ቃሉን በማናቸውም ጊዜ ማንሳት እንደሚችል ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደንግጓል። ስለዚህ ጠይቁ፦ ምን ትወስዳላችሁ? የት ይቀመጣል? ወደ ውጭ ይላካል? ለሌላ ጥናት ይውላል? ስሜ ይሸፈናል? በግልጽ የማይመልስላችሁን ተመራማሪ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው። የሚመልስላችሁን ግን በሐሜት አታሳዱት።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐረርና በቀርሳ ሕፃናት ስለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ከሞተ ሕፃን አካል በመርፌ ጥቂት ናሙና ይወስዳሉ፤ የሚወስዱትም ወላጆቹን ጠይቀው፣ ሲፈቅዱ ብቻ ነው፤ የተገኘውንም ምክንያት መልሰው ይነግሯቸዋል። ልጇን ገና ያልቀበረች የገጠር እናት ከዕንባዋ መካከል «የሌላዋ ልጅ እንዳይሞት ከሆነ ይሁን» ለማለት ልብ ካገኘች፣ እኛ ከተሜዎቹ፣ ተምረናል የምንለው፣ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ምን እየጠበቅን ነው?

በመጪው እሑድ አፎቻችን ሲሰበሰብ ጸሐፊው የወር መዋጮውን መዝገብ ሲዘረጉ ሁለት ዓምድ እንዲጨምሩበት እጠይቃለሁ፤ አንዱ በየሦስት ወሩ ደም የሚሰጡ፣ ሌላው ዓይናቸውን የተናዘዙ የሚጻፉበት። ስሜን በሁለቱም ላይ አስፍሬ ለልጆቼ በእናንተ ፊት እናገራለሁ፤ እኔ ሳርፍ ለሐኪሙ ስልክ የሚደውሉት እነርሱ ናቸውና። አይሱዙ ላይ የነበረው ልጅ አባትም ይመጣሉ። ያን ቀን ስለዝምታችን ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ አብራችሁኝ እንድትጠይቁም እለምናችኋለሁ።