አሳው ተቃውሞ አላቀረበም

ግድብና የመስኖ ቦይ በሠራን ቁጥር ለአሳና ለዱር እንስሳት የምናሳየው ጥንቃቄ የሚገባውን ምስጋና አለማግኘቱ ያሳዝናል። በሌላው አገር የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ሳያልቅ ግንባታ አይጀመርም አሉ፤ እኛ ግን አጥኚዎቻችን ባዶ ሜዳ ላይ በግምት እንዳይቸገሩ አስበን ዶዘሩን አስቀድመን እንልካለን፣ ተፅዕኖውም ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ይበልጥ የሚደነቀው የመስክ ጉብኝቱ ወቅት አመራረጥ ነው። ጣና ሐይቅ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያዎች ያሉበት ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን በመሳሰሉ ገባሮች ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህ ወቅት ግን የፎገራ ሜዳ በጎርፍ የሚጥለቀለቅበት፣ ጫማም የሚጨቀይበት ስለሆነ አስተዋዩ አጥኚ የካቲትን ይመርጣል። በየካቲት ወንዙ ዳር ቆሞ ሽቅብ የሚወጣ አሳ እንዳልተመለከተ ሲጽፍ አንዲት ቃል አልዋሸም። በምክክር ስብሰባው ላይም ነጭ አሳ ስላልተገኘ ቃለ ጉባኤው «ተቃውሞ አልቀረበም» ይላል፤ ይህም እውነት ነው።

መንገዱ በግድብ ሲዘጋበት ይህ አሳ ወዴት ይሂድ ብሎ የሚነዘንዝ ሰው ቢመጣ መልሱ ተዘጋጅቶለታል። በሚጠራቀመው ውኃ ውስጥ ቀረሶ የተባለው አሳ ጫጩት ይጨመራል። ቀረሶ በረጋ ውኃ የሚራባ ጨዋ ፍጥረት ስለሆነ ወንዝ ልውጣ፣ መሸጋገሪያ ይሠራልኝ እያለ ተቋራጩን አያስቸግርም። የጠፋው አሳ፣ የተተካውም አሳ፤ ሒሳቡ ተዘጋ።

እንስሳት «የመላመድ አቅም አላቸው» የሚለውን የሰነዶቻችንን ዐረፍተ ነገር የሚጠራጠር ካለ የአብጃታን ሐይቅ ይጎብኝ። ገባሩ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የሐይቁም ውኃ ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ጨው ሲቀዳ አሳው አለቀ፤ በጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት እየፈለፈሉ ከዚህ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካን ወፎች ግን አቤቱታ ሳያስገቡ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ሐይቅ መብረሩን ለመዱት።

ጥበቃችን አይሠራም የሚሉትንም ማሳፈር ይቻላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ሁለቱም በ1995 ዓ.ም. የወጡ ናቸው፤ ከአሳውም ከወፉም ይልቅ በሚገባ የተጠበቁት እነርሱ ናቸው፣ የነካቸው የለምና።

የጥናቱን የክትትል ምዕራፍም ሳላመሰግን ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። ግድቡ ሥራ ከጀመረ በኋላ አሳው ምን እንደደረሰበት በየዓመቱ እንደሚታይ የሚገልጸው ይህ ምዕራፍ፣ ከበጀቱ አስቀድሞ የሚወጣው ለመስክ መኪና መግዣ እንዲሆን አርቆ አስቦ ደንግጓል። መኪናው በወቅቱ ተገዝቷል፤ ለጊዜው ግን ኃላፊዎችን ከስብሰባ ስብሰባ ያመላልሳል፣ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ጎማ ይጨርሳል ተብሎ ተፈርቷልና።